በሰው አገር ነዋሪ ሆኖ የጉብኝት ቪዛ ስለ መጠየቅ



ከእናንተ መካከል ወንድሙ ወይም እኅቱ፣ ልጁ ወይም አብሮ አደጉ በባሕር ማዶ የማይኖርበት ሰው ጥቂት ይመስለኛል። ስለዚህ ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም። ይኸውም በአሜሪካ የቋሚ ነዋሪነት ካርድ፣ በተለምዶ ግሪን ካርድ የምንለውን ይዞ የሚኖር፣ ነገር ግን ዜግነቱን ያልለወጠ ኢትዮጵያዊ ለጉብኝት ወደ ሦስተኛ አገር መሄድ ሲፈልግ የሚያጋጥመው ነገር ነው።

ለንግግሬ ምክንያት የሆነችኝ ታናሽ እኅቴ ናት። እርስዋ በዋሽንግተን አጠገብ ትኖራለች። እኔን መሥሪያ ቤቴ ለሦስት ሳምንት ትምህርት ወደ አንድ የአውሮፓ ከተማ እንደሚልከኝ ከአራት ወር በፊት አስታወቀኝ። ከተለያየን ዘጠኝ ዓመት ሆኖን ነበርና በዚያ እንድንገናኝ ተስማማን። «ጋሼ፣ ቪዛውን አንተ እዚያው አዲስ አበባ አስጨርስልኝ፤ የአገራችን ፓስፖርት አይደል?» አለችኝና ፓስፖርቷን ጭምር በመንገደኛ እጅ ላከችልኝ። እኔም የቢሮ ሰው ነኝና ወረቀቱን ሁሉ በአቃፊ አሰናድቼ ወደዚያ አገር ኤምባሲ ሄድሁ። በመስኮቱ የተቀበለችኝ ሠራተኛ «አመልካቿ የምትኖረው የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝና አቃፊውን ሳትገልጥ መለሰችልኝ። በጊዜው ተቈጥቼ ነበር፤ ኋላ ደንቡን ሳነበው ግን ጥፋቱ የኔ ሆኖ አገኘሁት።

በ2009 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ ናቸው) የወጣው የሸንገን አገሮች የቪዛ ደንብ፣ ጠያቂው ማመልከቻውን በሕግ ተቀምጦ በሚኖርበት አገር ለሚገኘው ቆንስላ እንዲያቀርብ ያዛል። የተወለደበት አገር ወይም ፓስፖርቱን የሰጠው መንግሥት እዚህ ላይ አይቈጠርም። ቆንስላውም ብዙ ቀን የሚቀመጥበት አገር ቆንስላ መሆን አለበት፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የሚገባበት አገር ይሆናል። አሻራ የሚሰጠው ራሱ ባለቤቱ ስለሆነ ወንድም ወክሎ የሚጨርሰው ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተታችን ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ማምታታታችን ነበር። ካርዱ በአሜሪካ ለመኖርና ወደዚያው ለመመለስ መብት ይሰጣል እንጂ የአውሮፓን በር አይከፍትም። በሩ ላይ የሚታየው ፓስፖርቱ ነው። እርግጥ ነው፣ ካርዱ ፈጽሞ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ካናዳ ከኤፕሪል 26 ቀን 2022 ጀምሮ ካርዱንና ፓስፖርቱን አጣምሮ ለያዘ ሰው ቀድሞ ትጠይቀው የነበረውን የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ አስቀርታለች፤ ሜክሲኮም ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ታስገባዋለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ለመለወጥ ብቻ እንኳ ቪዛ ሲጠየቅ፣ ይህ ካርድ ያለው ግን ከዚያ ነጻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ካርዱ የሚጠቅመው በማመልከቻው ውስጥ ነው። የቆንስላው ሹም በልቡ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው ጉብኝቱን ሲጨርስ ይመለሳል ወይስ ይቀራል? እኅቴ ለዚህ መልስ እንዲሆን የአባታችንን ቤት ካርታ አስገልብጬ አብሬ እንዳቀርብላት ጠይቃኝ ነበር። ለእኛ አገር ሰው ከቤት ካርታ የበለጠ ማስረጃ የት ይገኛል! ነገር ግን የእርስዋ መመለሻ አሜሪካ እንጂ አዲስ አበባ አልነበረም። ስለዚህ የሚያስፈልጋት የነዋሪነት ካርዷ፣ የአሠሪዋ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀቷ፣ የባንክ ሒሳቧና የቤት ኪራይ ውሏ ነበር። ከእኔ የተፈለገው ዝምድናችንን የሚገልጽ ወረቀትና የትምህርቱ ጥሪ ቅጂ ብቻ ነው።

የቀረው የተለመደው ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፤ ክፍያው ከጁን 2024 ወዲህ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ሊገባ ይችላል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ማመልከቻ መልስ የሚሰጥበትን የተለመደ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል።

ፓስፖርቷን መልሶ የሚያደርስልኝ መንገደኛ እስካገኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። በእጅዋ ሲገባም ሌላ እንከን ተገኘበት። ደንቡ ፓስፖርቱ ሁለት ባዶ ገጾች እንዲኖሩት፣ ዘመኑም ከአውሮፓ ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር እንዲተርፈው ያዛል፤ የእርስዋ የሚተርፈው አንድ ወር ብቻ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ማሳደስ፣ ከዚያ በኋላ ማመልከት ግድ ሆነ።

ቪዛዋ የተሰጣት ትምህርቴ ሊፈጸም አምስት ቀን ሲቀረው ነው። በሁለተኛው ቀን ገባች። ከመንገደኞቹ መካከል ቀድማ ያወቀችኝ እርስዋ ናት፤ እኔ የምፈልገው ቀጭን ልጅ ነበርና በአጠገቤ ስታልፍ አላወቅኋትም። ከክፍል ስወጣ በደጅ ትጠብቀኝ ነበር፤ ሦስት ማታ አብረን ራት በላን። የአባታችንን ቤት ካርታ ቅጂ በሻንጣዬ ይዤው ሄጄ ስለ ነበር ሰጠኋትና ወደ ዋሽንግተን ይዛው ተመለሰች።