የጎደለውን ድምፅ ማን ይሰማዋል?

(በምሩቃን መገናኛ ቀን፣ አያት ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ አስተባባሪዎች «ስለ ፍርስራሽና ስለ አፈ ታሪክ ያለ ግጥም ሙዚቃ ትደርሳለህ አሉ፤ እስቲ እንዴት እንደሆነ ንገረን» ብለው ጋበዙኝ። ነገሩ ከዚህ ከአያት ሩቅ አይደለም። ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ብትመለከቱ የካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ። ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው ስለፈረሰ ክረምት ሲገባ ዝናቡ በቀጥታ ውስጡ ይወርዳል።

ላሊበላን አይቶ ዋሻ ሚካኤል የሚሄድ ሰው ግድግዳውን፣ የዓምዱን ስብራት፣ የበሩን አቀራረጽ አይቶ ጣሪያው በየት በኩል ያልፍ እንደነበር በዓይነ ኅሊናው ይሠራዋል። ውቅር ቤተ ክርስቲያን አይቶ የማያውቅ ደግሞ ጉድጓድ አይቶ ይመለሳል። ፍርስራሹ ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ተመልካቹ ይዞት በመጣው ላይ ነው።

ታዲያ ይህ በሙዚቃ እንዴት ይነገራል? መጀመሪያ የሚመጣልን ቀላሉ መንገድ ነው። ዋሽንቱን ማስተጋባት፣ ከበሮውን ከሩቅ ማሰማት፣ ርእሱን «ጥንታዊት» ማለት። እንዲህ ሲሆን ግን ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ርእሱ ነው። እኔ ከቦታውና ከተረቱ አሠራሩን መውሰድ ይሻለኛል። ለምሳሌ ላሊበላን ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ጠረቡት ይባላል። ይህን ስደርስ የመላእክት ክንፍ ለማሰማት አልሞከርኩም። ተጫዋቾቹን ለሁለት ከፈልኳቸው። አንዱ ወገን ካቆመበት ሌላው ይቀጥላል እንጂ ሁለቱ አንድም ጊዜ አብረው አይጫወቱም። ተረቱ እንዲያ አይደል የሚለው?

ለዋሻ ሚካኤል የተመረጠው ቅኝት ትዝታ ነው፤ አምስት ድምፅ አለው። ክራሩ፣ ዋሽንቱና ማሲንቆው በአራቱ ብቻ ይጫወታሉ። አራተኛውን ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንም አይነካውም። ዜማው ወደ እሱ ይጠጋል፣ አፋፉ ላይ ይደርሳል፣ ይመለሳል። ጣሪያው እሱ ነው።

ሥራውን ለተለያዩ ሰዎች አሰማሁት። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ጥቂት እንደሰሙ «ልጄ፣ አንዷን ለምን ትሸሿታላችሁ?» አሉና ድምፅዋን ራሳቸው አንጎራጎሯት። በጣም ደስ አለኝ፤ ጣሪያው ተሠራ ማለት ነው። በሌላ ቀን ለወጣቶች አሰማሁ። በጥሞና ሰምተው «ደስ ይላል» አሉኝ። የጎደለ ነገር እንዳለ ብጠይቃቸው ምንም አልጎደለባቸውም። ወጣቶቹን አልወቅስም፤ ሙሉውን ማን አሰማቸው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደኝ። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰው ለሦስት ተከፍሎ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ዳግም የቆመው የትኛው ክፍል በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቅ ስለነበረ ነው። ያ ዕውቀት ባይኖር 24 ሜትሩ ሐውልት ሦስት ድንጋይ ሆኖ ይቀር ነበር። ቅኝቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በጆሯችን ሙሉ ሆነው ካልቆዩ፣ በእነሱ ላይ የምንሠራው ሁሉ ጉድጓድ ነው።

«ሕዝባችን ያለ ግጥም አይሰማም» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል። እውነት ነው፣ ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ቃል ይፈልጋል። ያለ ዘፋኝ የተሠራው ዜማችን በሬዲዮ የፕሮግራም መሸጋገሪያ ሆኖ ኖሯል፤ ማስታወቂያ ሲመጣ ይቆረጣል። ግን የእረኛው ዋሽንት ግጥም ነበረው እንዴ? የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለ ዋሽንት» የሚል የኦርኬስትራ ሥራ የደረሱት ይህን ስላወቁ ይመስለኛል። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በፒያኖ ብቻ ሐዘንንና ጸሎትን ነግረውናል፤ የሰማቸው ሁሉ «ቃሉ የት አለ?» አላለም።

እንግዲህ ልመናዬ ሁለት ነው። መምህራን ሆይ፣ ተማሪው ስለ ቅኝት ከመጻፉ በፊት ቅኝቱን በአፉ ያንጎራጉር፤ የሙዚቃ ተማሪ ብቻም ሳይሆን የሥነ ሕንፃውም የታሪኩም። ምሩቃን ደግሞ በየመሳቢያችሁ የተኛ ኖታ፣ በካሴት የቀረ ልምምድ ካለ ቅጂውን ለቤተ መጻሕፍታችን ስጡ። «ያላለቀ ነው» አትበሉ። ያላለቀውን ለመጨረስ የሚችል ሰው የሚገኘው፣ ሥራው ሲገኝ ነው። በሰው እጅ ሳይደርስ የጠፋ ኖታ ግን ፍርስራሽ እንኳ አይተውም።

ከምሳ በኋላ ያን ሥራ ጓደኞቼ ይጫወቱላችኋል። ዘጠኝ ደቂቃ ነው። የጎደለችውን ድምፅ የሰማ ሰው ካለ እባካችሁ ዝም አትበሉ፤ አብራችሁ አንጎራጉሩልን።