ባዶ እጅ፥ የተገራ ልብ
(የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተከበረበት ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት ርእስ የካራቴ ልምምድ የልጆችን ጠባይ እንዴት እንደሚያንጽ የሚገልጽ ነው። ይህንም የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ብዙዎቹ ካራቴ ለመማር ይመኛሉ፤ ከወላጆቻችን ደግሞ ብዙዎቹ «ልጄ ድብድብ ተምሮ ምን ሊሆን ነው?» እያሉ ይከለክላሉ። ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመለከተው ግን የሚመኘው ልጅና የሚከለክለው አባት ያላቸው ሐሳብ አንድ ነው፤ ሁለቱም ካራቴ ማለት ሰውን መምታት ነው ብለው ያምናሉ። እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ካራቴ በደንብ ከተማሩት ከመምታት ይልቅ አለመምታትን የሚያስተምር መሆኑን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አመጣጡ ጥቂት ልናገር። ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ካራቴ የተወለደው ዛሬ የጃፓን ክፍል በሆነችው በኦኪናዋ ደሴት ነው። ኦኪናዋ እስከ 1879 ድረስ የራሱ ንጉሥ የነበረው የሪዩክዩ መንግሥት ዋና ደሴት ነበረች። ነዋሪዎቿም የራሳቸውን የእጅ ጥበብ ከቻይና ከመጣው ጋር አዋሕደው፥ አንዱ መምህር ለጥቂት ደቀ መዛሙርት ብቻ በስውር እያስተማረ፥ ለብዙ ዘመን ሲያስተላልፉት ኖሩ።

ይህ የተሰወረ ጥበብ ወደ አደባባይ የወጣው በትምህርት ቤት በር በኩል መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። አንኮ ኢቶሱ የተባሉ አረጋዊ መምህር በ1901 ገደማ በሹሪ ከተማ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካራቴን ለሕፃናት ማስተማር ጀመሩ። ለልጆች አደገኛ የሆነውን እየቀነሱ፥ «ፒናን» የሚባሉ አምስት የልምምድ ሥርዓቶችን አዘጋጁ፤ ስሙም የሰላምና የጸጥታ ትርጉም አለው። በ1908 ደግሞ ዐሥር ነጥቦች ያሉት ደብዳቤ ለባለ ሥልጣኖች ጽፈው ትምህርቱ በትምህርት ቤቶች እንዲስፋፋ ጠየቁ። በዚያም ደብዳቤ በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት የሚለማመድ ሰው በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ልዩነቱ በሰውነቱ ላይ እንደሚታይ ገልጠዋል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ይህን ጥበብ ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንደኛው ሽማግሌ አስተማሪ እንጂ ተደባዳቢ እንዳልነበሩ ልብ በሉልኝ።

የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ጊቺን ፉናኮሺም በ1868 በሹሪ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሰውነታቸው ደካማ ነበረ፤ ሲያድጉም የትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። ቀን ተማሪዎቻቸውን ሲያስተምሩ ውለው፥ ሌሊት ፋኖስ ይዘው ወደ ካራቴ መምህራቸው ቤት ይሄዱ ነበር። ሦስት የልምምድ ሥርዓቶችን ብቻ ለመማር ዐሥር ዓመት ፈጀባቸው። በ1922 በቶኪዮ በተደረገ የስፖርት ትርኢት ላይ ጥበቡን ካሳዩ በኋላ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ እዚያው ቀርተው ማስተማር ጀመሩ። በዚያ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ሲሆን፥ የኦኪናዋ ተማሪዎች በሚያድሩበት ቤት ግቢ እየጠረጉና አትክልት እየኮተኮቱ ኑሯቸውን ይገፉ ነበር። ታላቅ መምህር ሆኖ መጥረጊያ መያዝን አለማፈር፥ እርሱ ራሱ ትምህርት ነው።

«ካራቴ» የሚለው ቃል ቀድሞ «የቻይና እጅ» የሚል ትርጉም ባለው ፊደል ይጻፍ ነበር። ፉናኮሺ ድምፁን ሳይለውጡ «ባዶ እጅ» በሚል ፊደል እንዲጻፍ አደረጉ፤ በ1936 የኦኪናዋ መምህራንም ተሰብስበው ይህንኑ ተቀበሉ። በፉናኮሺ አስተሳሰብ ባዶነቱ መሣሪያ አለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ልብንም ከትዕቢትና ከክፉ ሐሳብ ባዶ ማድረግ ነው።

አሁን ደግሞ ልጁ በልምምድ ቦታ የሚማረውን በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው አክብሮት ነው። የልምምዱ ቦታ «ዶጆ» ይባላል፤ የመንገዱ ስፍራ ማለት ነው። ልጁ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፥ ጎንበስ ብሎም እጅ ይነሣል። ለመምህሩ እጅ ይነሣል፤ ከእርሱ ጋር ለሚለማመደው ጓደኛውም ከልምምዱ በፊትና በኋላ እጅ ይነሣል። አንዳንድ ወላጆች ይህን ሲያዩ «ልጄ ለሰው ይሰግዳል» ብለው ይሠጋሉ። ነገር ግን ይህ ስግደት አይደለም፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ለታላቅ ከመቀመጫችን ተነሥተን፥ ዝቅ ብለን እጅ የምንነሣው ዓይነት የአክብሮት ሰላምታ ነው። የሚያስገርመው ትልቁ ለትንሹ፥ ጠንካራውም ለደካማው አጸፋውን መመለሱ ነው። በመንገድ ላይ ትንንሾችን ገፍትሮ ማለፍ የለመደ ልጅ፥ በሳምንት ሦስት ቀን ለትንሽ ልጅ ጎንበስ ማለትን ሲለምድ፥ ልማዱ ቀስ በቀስ ከዶጆው ውጭም ይከተለዋል።

ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። «ካታ» የሚባለው የልምምድ ሥርዓት በቅደም ተከተል የተቀነባበረ የመከላከልና የማጥቃት እንቅስቃሴ ነው። ልጁ ያንኑ አንዱን እንቅስቃሴ መቶ ጊዜ፥ ሺህ ጊዜ ይደጋግመዋል። በመጀመሪያ ይሰለቻል፤ «አዲስ ነገር አሳዩኝ» ይላል። መምህሩ ግን እግሩ የቆመበትን ያስተካክሉና «እንደ ገና» ይሉታል። ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥረው፥ ንባቡን በግእዝ፥ በውርድና በቁም እያሉ ሲደጋግሙ ኖረው ነው ዳዊት የደገሙት። መደጋገም አእምሮን አያደነዝዝም፤ እጅና እግርን ለአእምሮ እንዲታዘዙ ያደርጋቸዋል። እንዲህ የለመደ ተማሪ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ሲገጥመው በመጀመሪያው ሙከራ ተስፋ አይቈርጥም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ በገዛ ሰውነቱ አይቶታልና።

ሦስተኛው ትሕትና ነው። ጀማሪ ነጭ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ከዚያም በፈተና እያለፈ ቀለሙ ይለወጣል፥ ከብዙ ዓመትም በኋላ ጥቁር ቀበቶ ይደርሳል። ይህ የማዕረግ ሥርዓት ከጁዶ የተወሰደ ሲሆን፥ ፉናኮሺ ለደቀ መዛሙርታቸው የመጀመሪያውን የጥቁር ቀበቶ ማዕረግ የሰጡት በ1924 ነው። ከእኛ ብዙዎቹ ቀበቶውን እንጂ ትምህርቱን አንመኝም። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው፤ ጥምጥሙ ወደ ወገብ ወረደ እንጂ ነገሩ ያው ነው። የጥቁር ቀበቶ የመጀመሪያ ማዕረግም ትርጉሙ ጀማሪነት እንጂ ፍጻሜ አይደለም፤ ከእርሱ በላይ ገና ብዙ ማዕረግ አለና።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ራስን መግዛት ነው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው ሲለማመዱ፥ በጀማሪዎች ዘንድ የሚያጠቃው ልጅ የሚሰነዝርበትን ቦታ አስቀድሞ ይናገራል፤ «ፊት» ወይም «ሆድ» ይላል። ከዚያም በሙሉ ኃይሉ ይሰነዝርና ጡጫውን ከጓደኛው ሰውነት ጥቂት ሲቀረው ያቆመዋል። እኔ በልምምድ ካሳለፍኋቸው ዓመታት ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከዚህ ነው። የጓደኛዬ ጥርስና ዐይን በእጄ የተሰጠኝ አደራ ነው። መምታት የሚችል ሁሉ አያቆምም፤ ማቆም የሚችል ግን መምታትንም በሚገባ ያውቃል።

ለዚህ ዓለም ሁሉ ያየው ምስክር አለ። በወረርሽኝ ምክንያት ተላልፎ በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ካራቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኖ ነበር፤ በ2024 በፓሪስ ግን አልተካተተም። በቶኪዮ ከ75 ኪሎ በላይ በሆኑ ወንዶች የመጨረሻ ግጥሚያ የሳዑዲ ዐረቢያው ታሬግ ሐመዲ የኢራኑን ሳጃድ ጋንጅዛዴን 4 ለ 1 ይመራ ነበር። ሐመዲ ወደ ራስ የሰነዘረው ርግጫ በኃይል አረፈና ጋንጅዛዴ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ በቃሬዛም ተወሰደ። ዳኞቹ ከተመካከሩ በኋላ ምቱ ከልክ ያለፈ ነው ብለው ሐመዲን ከግጥሚያው አስወጡት፤ የወርቅ ሜዳሊያውም ወድቆ ለነበረው ለጋንጅዛዴ ተሰጠ። በዚያ ቀን ብዙዎች ተከራከሩ፤ ሐመዲም ጎበዝ ስፖርተኛ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ወድቆ የቀረው አሸነፈ፥ ቆሞ የቀረው ተሸነፈ። የራሱን ኃይል መጠን ያልገዛ እንዳላሸነፈ የሚቈጥር ሕግ፥ ለልጆች ምን ያህል ታላቅ ትምህርት እንደሚሆን እናንተው ፍረዱ።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሳልሸሽግ መናገር ይገባኛል። ካራቴ በራሱ ጨዋ ሰው አይሠራም፤ ቢላዋ በወጥ ቤትና በወንበዴ እጅ አንድ እንዳልሆነ ሁሉ ይህም እንደ አስተማሪው ነው። ማይክል ትሩልሰን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1986 ባሳተሙት ጥናት፥ ጥፋት የለመዱ ወጣቶችን ከፋፍለው የካራቴ ዘመድ በሆነው በቴኳንዶ ለ6 ወራት አሠለጠኑ። አንዱ ክፍል ድብደባውን ከአክብሮቱ፥ ከጸጥታውና ከምክሩ ጋር ተማረ፤ ሌላው ግን ድብደባውን ብቻ ተማረ። በመጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ቍጣቸው ሲበርድ፥ የኋለኞቹ ጠባይ ከቀድሞው ባሰ። ጥናቱ በጥቂት ልጆች ላይ የተደረገ ቢሆንም የሚያስተምረን ነገር ግልጽ ነው፤ እጅን አሠልጥኖ ልብን መተው አደጋ ነው። ስለዚህ የወላጆች ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ መድኃኒቱ ግን መከልከል ሳይሆን መምረጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ክቡራን ወላጆች፥ ልጃችሁን ከመላካችሁ በፊት ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ቀን ልምምዱን ተመልከቱ። መምህሩ ትንንሾቹን እንዴት ያናግራሉ? የወደቀውን ልጅ ማን ያነሣዋል? ጠንካራው ደካማውን ሲጎዳ መምህሩ ይሥቃሉ ወይስ ያስቆማሉ? ስለ ልጁ ትምህርትና በቤት ስላለው ጠባይ ይጠይቃሉ ወይስ ስለ ክፍያው ብቻ? የእነዚህን መልስ ካገኛችሁ ማንም ሳይመክራችሁ ትፈርዳላችሁ።

እናንተም ጓደኞቼ፥ የሰደበንን ለመበቀል ካራቴ ለመማር የምንፈልግ ካለን ሐሳባችንን እንለውጥ። በብዙ ዶጆዎች ልምምዱ ሲያልቅ ተማሪዎች ተንበርክከው አምስት ቃል ኪዳን በአንድ ድምፅ ይናገራሉ፤ ፍሬ ሐሳባቸውም ጠባይን ማሳመር፥ ታማኝ መሆን፥ መትጋት፥ ሰውን ማክበርና ከኃይለኝነት መራቅ ነው። በጃፓንኛ አምስቱም «አንደኛ» ተብለው ይጀምራሉ፤ ሁለተኛ የሚባል የለም፥ ሁሉም እኩል ናቸውና። ፈተና ሳይኮርጁ መቀመጥ፥ ታናሽ እኅትን አለመምታት፥ እናትን ውሃ በመቅዳት መርዳት፥ እነዚህ ሁሉ ያለ ነጭ ልብስና ያለ ቀበቶ የሚደረጉ የካራቴ ልምምዶች ናቸው።

ከእኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቹ ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚህ ግቢ ወጥተን መምህር ወደማይቈጣን፥ ወላጅ ወደማያየን ስፍራ እንሄዳለን። በዚያ ጊዜ የሚጠብቀን የጡጫችን ጥንካሬ ሳይሆን ጡጫችንን የሚይዝልን ልብ ነው። ይህን ልብ እያነጹልን ላሉት ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን በጓደኞቼ ሁሉ ስም እጅ እነሣለሁ። ትምህርት ቤታችንን እግዚአብሔር ለብዙ ዘመን ያቆይልን።