የኪራይ መኪና በወለጋ መንገድ

(ለማኅበሩ አባሎች በዓመታዊው ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «መኪና ተከራይቶ አንድን አገር በራስ ፈቃድ መጎብኘት» የሚል ነው። ይህ ዓይነቱ ጉዞ በካሪቢያን ደሴቶች የተለመደ ስለ ሆነ፣ ከዚያ ልነሣና ወደ ነቀምቴ ልምጣ።

ባርቤዶስ ርዝመቷ ከ34 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ደሴት ናት። እንግዳው ከአውሮፕላን ወርዶ፣ የአገሩን መንጃ ፈቃድ አሳይቶ፣ ለጎብኚ የሚሰጠውን ጊዜያዊ ፈቃድ ያወጣና የመኪናውን ቁልፍ ይቀበላል። እንግሊዞች በተዉት ልማድ በግራ በኩል መንዳት ይኖርበታል እንጂ ሌላ ብርቱ ችግር አይገጥመውም። መንገድ ቢጠፋበት ከባሕር ዳር ይደርሳል፤ ዳርቻውን ተከትሎም ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ከአገራችን ጋር ትስስር ያላት ጃማይካ እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ጃማይካን አቋርጦ የሚጨርስ ሰው ያንኑ ርቀት ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ቢነዳ ገና ባኮ አይደርስም። ነቀምቴ ለመግባት 330 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደምቢ ዶሎ ለመድረስ ደግሞ 650 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። በዚያም ላይ መንገድ የጠፋበት ሰው የሚደርሰው ከደዴሳ ወይም ከዓባይ ሸለቆ እንጂ ከባሕር ዳር አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ልዩነት የተነሣ ይመስለኛል፣ በእኛ አገር መኪና ሲከራይ ከነሾፌሩ የሚከራየው። የውጭ አገር ጎብኚዎች በዚህ ሲያጉረመርሙ ሁላችንም ሰምተናል። «ነጻነቴ የታለ?» ይላሉ። ነገር ግን የአከራዩን ኑሮ ማየት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ አንድ ላንድክሩዘር ወይም አንድ ሚኒባስ ይዞ የሚያከራይ ሰው ብዙ ጊዜ ያለችው መኪና እርስዋ ብቻ ናት። ዘመድ አዋጥቶለት፣ እቁብ ደርሶት፣ ከባንክ ተበድሮ የገዛት ናት። የእርስዋን ቁልፍ ለማያውቀው መንገደኛ መስጠት ለእርሱ የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ እንደ ማዋስ ነው። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንም፣ በስሙ እንደሚታወቀው፣ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው እንጂ ለመኪናዋ ለራስዋ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ በእጅ ያሉት ይበልጥ የሚሳሱላቸው ሆነዋል። በኤሌክትሪክ በምትሠራ መኪና ደምቢ ዶሎን ደርሶ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ቢኖር፣ ድፍረቱን አደንቃለሁ።

ልማዱም ቆይቷል። በደርግ ዘመን ጎብኚን የማጓጓዙ ሥራ በመንግሥት አስጎብኚ ድርጅት እጅ ነበረ፤ የውጭ አገር ሰውም ከአዲስ አበባ ወጥቶ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልገው ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል አስጎብኚዎች ሲበዙ፣ ይለፉ ቀረ፤ ሾፌሩ ግን ከመኪናው ጋር እንደ ተያያዘ ኖረ።

እኔ በበኩሌ የጎብኚው ነጻነት በመሪው ላይ አለ ብዬ አላምንም። ቋንቋችን ለመኪናው መሪና ለሰው መሪ አንድ ቃል መስጠቱ ያሳስተን ይሆናል እንጂ፣ መሪ የያዘ ሁሉ ጉዞውን አይመራም። ነጻነት ማለት፣ ሲፈልጉ መቆም፣ ሲፈልጉ ማደር፣ ካዩት ነገር የተነሣ የነገውን አሳብ መለወጥ መቻል ነው። ይህም የሚወሰነው ማን ነዳ በሚለው ሳይሆን፣ የኪራዩ ውል ምን ይላል በሚለው ነው።

ነገሩን በመንገዱ ላይ ልግለጸው። ጠዋት በ12 ሰዓት ከአዲስ አበባ የተነሣ መኪና በሆለታ፣ በአምቦና በጉደር አልፎ፣ የጌዶን ዳገት ወጥቶ፣ በባኮና በስሬ በኩል ነቀምቴ ይገባል። በተለመደው የአስጎብኚ ፕሮግራም ነቀምቴ የመኝታ ከተማ ናት፤ ማታ ገብተው ጠዋት ይወጡባታል። የኪራዩ ውል በኪሎ ሜትር የተቆጠረ ከሆነማ ሾፌሩ የሚያስበው ስለ ቆጣሪው ብቻ ይሆናል፤ እንግዳውም በባኮ በኩል ሲያልፍ ያን ሁሉ በቆሎ አይቶ፣ በዚያ የእርሻ ምርምር ማዕከል መኖሩን እንኳ ሳይጠይቅ ይሻገራል።

በቀን የተቆጠረ ውል የያዘ ሰው ግን ነቀምቴ ላይ ሁለት ቀን ያድራል። የወለጋን ሙዚየም ያያል። በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ዘንድ ሄዶ፣ የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች ከአፄ ምኒልክ ጋር በስምምነት አድረው አገራቸውን እንዴት እንዳስተዳደሩ ይሰማል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙት ኦነሲሞስ ነሲብ ያስተማሩትና እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፉት በዚህች ከተማ መሆኑን ይማራል። በሰኔ 1928 ዓ.ም. የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶችና ጓደኞቻቸው የኢጣልያን አውሮፕላኖች በሌሊት ያቃጠሉበት፣ ጄኔራል ማሊዮኮም የሞተበት ቦናያ ከነቀምቴ ሩቅ አይደለም። ይህ ሁሉ ከዋናው መንገድ ጥቂት ዘወር ማለትን የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ ዘወር ለማለት የማይፈቅድ ውል ታሪክን ይዘጋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የአንጮቴን ነገር ሳላነሣ ማለፍም አይገባኝም። ይህ የወለጋ ሥራ ሥር በቅቤ ተለውሶ ሲቀርብ፣ ያልቀመሰው እንግዳ ወለጋን አየሁ ማለቱ ያስቀኛል። የሚገኘውም ሾፌሩ በሚያውቃት ቤት ነው፤ በሆቴሉ ዝርዝር ላይ ሲፈልጉት ላይገኝ ይችላል። ቡናውም እንዲሁ ነው። በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» ተብሎ የሚጠራው ቡና ስሙን የወሰደው ከዚህችው ከተማ ነው፤ እንግዳው በአገሩ በከረጢት ላይ ያነበበውን ስም በጊምቢ መንገድ ላይ በዛፉ ላይ ያገኘዋል።

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ የሾፌሩ ዋጋ ይታወቃል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ መንገዱ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ሲወርድ ብርዱ ቀርቶ ሙቀት ይተካል። ያን ረጅም ቁልቁለት ማርሽ ቀንሶ በሞተር ጉልበት መውረድን ያልለመደ ሰው ፍሬኑን እያጋለ ይወርዳል፤ ከታች ሲደርስም ፍሬን የለውም። ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናቡ ብርቱ ስለ ሆነ፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ በኮረኮንቹ የሚገባ ሰው ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን አስቀድሞ ማየት አለበት። ጎማ ቢፈነዳ ቀጣዩ ጎሚስታ የት እንዳለ፣ የትኛው ማደያ ናፍጣ እንዳገኘ፣ የትኛው ድልድይ እንደ ተጎዳ የሚነግረው ከፊት የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እርሱም የሚናገረው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ወርዶ፣ እጅ ነሥቶ ለሚጠይቀው ሰው ነው። ከጊምቢ ወዲያ መንገዱ ይከፈላል፤ አንደኛው በነጆና በመንዲ አድርጎ ወደ አሶሳ፣ ሁለተኛው ወደ ደምቢ ዶሎ ይወስዳል። ቀድሞ ሳዮ ይባል የነበረው የደምቢ ዶሎ አገር ቡናውን በጋምቤላ በኩል በባሮ ጀልባዎች ወደ ሱዳን ያወርድ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ዞሮ መታየቱ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።

አሁን ዛሬ በተለይ ልናገረው ወደ መጣሁበት ልግባ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ መንገድ የሚያሳስበው ጎማና ፍሬን ብቻ አይደለም። በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል የተነሣው ጦርነት አገሩን ጎድቷል። በሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ በቶሌ የተገደሉት ሰላማዊ ሰዎች ሐዘን ገና አልወጣም። በ2015 ዓ.ም. እና በ2016 ዓ.ም. በታንዛኒያ የተደረጉት ሁለት ድርድሮች ያለ ስምምነት ተበትነዋል። በኦሮሚያ መንገዶች ሾፌሮችና ተሳፋሪዎች ለገንዘብ ሲባል የታገቱባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። ይህን ሁሉ እያወቀ ወለጋን እንደ ባርቤዶስ የሚያስተዋውቅ አስጎብኚ ቢኖር፣ ከሙያችን ውጭ ነው።

መንገዱ በሚከፈትበት ጊዜ ግን ሰው ይሄዳል፤ መሄድም ይገባዋል፤ ነቀምቴም እንግዳ የናፈቃት ከተማ ናት። ጥያቄው፣ ጠዋት ክፍት የነበረው መንገድ እኩለ ቀን ላይ አጠራጣሪ ቢሆን፣ «እንመለስ» የማለት ሥልጣን የማን ነው የሚል ነው። ያየኋቸው ውሎች ስለዚህ ነገር ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ግን የሚጎዳው አንድ ወገንን ብቻ ነው። ተከራዩ የከፈለውን ቀን ማጣት አይፈልግም፤ አከራዩ አዲስ አበባ ተቀምጧል፤ ሾፌሩ ደግሞ ከመንገድ ከተመለሰ የቀሪው ቀን አበሉ ይቆረጥበታል። ስለዚህ ልቡ እየፈራ ይሄዳል። እንግዳው ፓስፖርትና ኤምባሲ አለው፤ ሾፌሩ ያለው መታወቂያውና በሊብሬው ላይ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባት መኪና ናት። የመድን ውሎችም ጦርነትንና ሁከትን ብዙውን ጊዜ ከሽፋናቸው ውጭ ያደርጋሉ።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። የመመለስ ውሳኔ የሾፌሩ ብቻ ይሁን፤ ምክንያቱንም እንዲያስረዳ አይገደድ፤ ከመንገድ ቢመለስም አበሉ እስከ ውሉ ፍጻሜ ሙሉ ይከፈለው። ያልተነዳበትን ቀን ኪሣራ ተከራዩና አከራዩ እኩል ይካፈሉት።

ይህን ከአንዳንድ አከራዮች ጋር ስወያይ የሚሰጡኝ መልስ፣ ሾፌሮች ይህን መብት ካገኙ ባኮ ላይ ቆመው «መንገዱ ተዘግቷል» ይላሉ የሚል ነው። ነገሩ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ነውና። ነገር ግን ቢሄድም ቢመለስም የሚያገኘው እኩል ከሆነ፣ ነዳጁም በተከራዩ በኩል የሚሞላ ከሆነ፣ በመዋሸት ምን ያተርፋል? በአንጻሩ የዛሬው ውል የሚገፋፋው ወደ ሌላው ውሸት ነው። ይኸውም መንገዱ አስጊ ሲሆን «ሰላም ነው» ማለት ነው። ከሁለቱ የምፈራው ይኼኛውን ነው። በሁለት ቀን ኪራይ የሚመዘን ኪሣራና በሰው ሕይወት የሚመዘን ኪሣራ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

የጎብኚው ነጻነትስ? በእኔ አስተሳሰብ አይነካም። የት ልቁም፣ የት ልደር፣ ምን ልይ የሚለው ሁሉ የእርሱ ነው፤ ውሉም በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀን፣ ቀኑም ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ እንዲቆጠር እጠይቃለሁ። ሌሊት መንዳት በዚህ መንገድ ከድሮም አይመከርም። ለሾፌሩ የሚቀርለት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም «እንመለስ» የሚለው። ይህም ውል ከመፈረሙ በፊት ለእንግዳው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ ካልተስማማው በአውሮፕላን ሌላ አገር ይሂድ።

በመካከላችን መኪና የሚያከራዩ፣ ሆቴል የሚያስተዳድሩ፣ እንግዳ የሚቀበሉ አባሎች አሉ። የውሉን አንቀጽ በአማርኛና በኦሮምኛ አርቅቄ ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ በሚደረገው ውይይት ላይ እንዲታደል አሳስቤያለሁ።