ያገለገለች ግን የምታስደስት መኪና፦ ሐዋሳ ላይ ምን እንግዛ?

ለዕለት ሥራ የምትሆን፣ መሪዋን ስትይዙ ግን የምታስደስት ያገለገለች መኪና ትፈልጋላችሁ? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ የቤንዚን ሞተር ለሚወድ ገበያው አገር ውስጥ ያሉት ናቸው።

መጀመሪያ ጉልበት። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህሉን ያጣል። ቱርቦ ጉድለቱን ያካክሳል፤ ዘይቱ በወቅቱ ሳይቀየር ከኖረ ግን ጥገናው ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ከፈረስ ጉልበቱ ይልቅ ክብደቷን እዩ። ቀለል ያለች ማኑዋል ሱዙኪ ስዊፍት ወይም ቶዮታ ያሪስ በባጃጆች መሀል ትሾልካለች፤ የሻሸመኔን መንገድ ስትይዝም አታሰለችም። ዝቅ የተደረገችውን ግን ተዉአት፤ በየፍጥነት መቀነሻው ሆዷ ይፋቃል።

ቀጥሎ ፍተሻ። ሞተሩን ሳይሞቅ አስነሱት፤ ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ዘይት ይበላል። ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ስጡ፤ ድምፁ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሻጭ መካኒክ ለሻጭ ነው።