የጣና አጥማጅ መረብና መንጠቆ እንዴት ይምረጥ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)



ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ሲነገር በዋለበት መድረክ የዓሣን ጉዳይ ማንሳት ለአንዳንዱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በጣና ዙሪያ ከሚኖረው ገበሬ መካከል ከእርሻው ጎን ለጎን የሚያጠምደው ጥቂት አይደለም። ለእርሱ መረብ እንደ ሞፈርና ቀንበር የሥራ መሣሪያ ነው። ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ አረማመዱን ይመለከታል፣ ስለ ጠባዩም ይጠይቃል። መረብ ሲገዛ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው።

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት ዓሣውን ማወቅ ይገባል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለገበያ የሚቀርቡት ዋና ዋና ዓሦች ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቆሮሶ በዳርቻው በሣርና በደንገል አካባቢ ይውላል፤ ዋና ምግቡም በውኃ ውስጥ የሚበቅል ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር ነው። አምባዛ የሥር ዓሣ ነው፤ በይበልጥ የሚንቀሳቀሰውም ሌሊት ነው። ነጭ ዓሣ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው።

ስለሆነም መንጠቆ የሚስማማው በመጀመሪያ ለአምባዛ ነው። በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ተደርድረው የታሰሩ መንጠቆዎች ትንንሽ ዓሣ ወይም የሥጋ ቁራጭ ተሰክቶባቸው ማታ ይጣላሉ፣ ንጋት ላይ ይነሳሉ። አሳዳጁ ነጭ ዓሣ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ይነክሳልና ለእርሱ በእጅ የሚጎተት ክር ይሻላል። የመንጠቆ ቁጥር ብዙዎችን ያሳስታል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መንጠቆው ይተልቃል፣ ቁጥር 8 ከቁጥር 12 ይበልጣል። ስለቱን ለመፈተን ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ከያዘ ስል ነው፣ ካንሸራተተ ደንዟል።

የገቢው ምንጭ ግን በአመዛኙ መረብ ነው። የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ ወደ ጣና በልማት ፕሮግራም የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በፊት ሥራው በደንገል ታንኳ በየዳርቻው የሚከናወን ነበር። የመረቡ አሠራር ቀላል ነው። ዓሣው ሳያየው ጭንቅላቱን በዓይኑ ያስገባል፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ክሩ ከስንጥቡ ሥር ይይዘዋል። ትንሹ ያልፋል፣ በጣም ትልቁ ሳይገባ ይመለሳል። እንግዲህ ዓሣውን የሚመርጠው የመረቡ ዓይን ስፋት ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ገበያ ውስጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመረብ ዓይን በሁለት መንገድ ይለካል። አንዱ ዓይኑን ወጥሮ ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ፊት ለፊቱ ቋጠሮ ያለውን መለካት ነው፤ ሌላው አንዱን ጎን ብቻ መለካት ነው። ሻጭ «5 ሴንቲ ሜትር» ሲል ጎኑን ከሆነ ተወጥሮ 10 ነው። ተወጥሮ 5 ከሆነ ግን ጫጩት የሚጨርስ መረብ ነው። ገዢ ማስመሪያ ይዞ ይሂድ። ደግሞም መረቡ በገመድ ላይ ሲታሰር ልል መሆን ስላለበት፣ በተለምዶ 100 ሜትር ለማስጣል 200 ሜትር ያህል የተወጠረ መረብ ይጠይቃል። ይህን ያላሰላ ማኅበር በጀቱ በግማሽ መንገድ ያልቅበታል።

ሞኖፊላመንት የሚባለው ከአንድ ወጥ ክር የተሠራ መረብ በቅርብ ዓመታት በጣና ተስፋፍቷል። ርካሽ ነው፣ በውኃ ውስጥም አይታይም፤ ስለዚህ ብዙ ይይዛል። ነገር ግን ቶሎ ይበጣጠሳል። ተቆርጦ ሐይቁ ውስጥ የቀረው ደግሞ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል። ከተፈተለ ክር የተሠራው ቢወደድም ሊጠገን ይችላል። ለማኅበር የሚያዋጣው ይኸኛው ነው።

ለቆሮሶ ሰፊ ዓይን መምረጥ ብዙውን ችግር ያቃልላል፤ ትንሹ አምልጦ ያድጋል። ለነጭ ዓሣ ግን ይህ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ የማይነገረውም ይኸው ነው። አብዛኞቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማና ግልገል ዓባይ ወንዞች ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ወቅቱ ከሐምሌ ጀምሮ ሆኖ በነሐሴና በመስከረም ይበረታል። በዚያን ጊዜ በወንዝ አፍ የተጣለ መረብ ዓይኑ ሰፊ በሆነ ቁጥር የሚይዘው እናቶችን ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ የፍልሰታ ጾም ነው፤ በጾም ዓሣ የሚመገበው ሰው ስለሚፈልገው ገበያው ይሞቃል። ፈተናው ከባድ ነው። ብርብራ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መበተንማ ትልቅ ትንሽ ሳይለይ የሚፈጅ በመሆኑ ከማጥመድ አይቆጠርም።

ውጤቱ ታይቷል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረገ ጥናት የነጭ ዓሣ ብዛት በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ ሩብ ወርዶ ተገኝቷል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካው የለም። በፊሊፒንስ የላናዎ ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበር፤ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። በአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ቢወጣም፣ በሌሊት በወንዝ አፍ የተጣለውን መረብ የሚያየው የአካባቢው ማኅበር ነው።

በእነዚያ ሳምንታት ከወንዝ አፍ መራቅ የአጥማጁን ገቢ ይቀንሳል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ማኅበሩ ከበጋው ሽያጭ በተለይም ከሁዳዴው ገበያ ጥቂት አስቀምጦ ለነሐሴ ካላቆየ፣ አባሉን «አታጥምድ» ማለት ባዶ ቃል ነው። እርሻውም በዚያን ጊዜ የአረም ሥራ ስለሚበዛበት ጉልበት ይፈልጋል። መረቡ ደግሞ ታጥቦ፣ የተቀደደው ተጠግኖ፣ ፀሐይ ናይሎንን ስለሚያደክም ጥላ ሥር ይሰቀል፤ አይጥ በማይደርስበት ቦታ።