ብረት ብረትን እንዳይበላ
(ጥሊሊ ላይ ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሰበቃ ነው። ሰበቃ ማለት ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲንቀሳቀሱ አንዱ ሌላውን የሚይዝበት ኃይል ነው። እስቲ መዳፋችሁን ከመዳፋችሁ ጋር ፈትጉት። ሞቀ አይደለም? ብረትም እንዲሁ ነው። ብረት ከብረት ሲፋተግ ይሞቃል፣ ይፋቃል፣ በመጨረሻም ያልቃል።

ከጥቂት ቀን በፊት ድንች የጫነ ጋሪ ዳገት ሲወጣ አየሁ። ጎማው ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይላል። ፈረሱ በላብ ተነክሯል። ባለጋሪው ጅራፉን ሲያነሳ ጊዜ «ወንድሜ፣ ፈረሱ አልሰነፈም፤ ኩሽኔታው ደርቆ ነው» አልኩት። ኩሽኔታ ሲደርቅ ዕዳውን የሚከፍለው ፈረሱ ነው። አገው ምድር የፈረስ አገር ነው። በበዓል ቀን ፈረሱን አሸብርቆ የሚወጣ ሰው በሥራ ቀን ይህን ሲረሳ ይገርመኛል።

ግራሶ ምን ይሠራል? ብረት ለዓይን ልሙጥ ይመስላል። በማጉያ መነጽር ሲታይ ግን እንደ አገራችን መሬት ጉብታና ሸለቆ አለው። ሁለት ብረት ሲገናኝ ጉብታው ከጉብታው ይጋጫል፣ ይሰበራል። ስባሪው ደግሞ እንደ አሸዋ ሆኖ ሌላውን ይፍቃል። ግራሶ ወይም ዘይት በመካከላቸው ሲገባ ስስ ሽፋን ሆኖ ያለያያቸዋል።

ይህን ሰው ያወቀው ዛሬ አይደለም። ዓባይ ከዚህ ብዙ ሳይርቅ፣ ሰከላ ውስጥ ከግሽ ዓባይ ይነሳና ግብጽ ይደርሳል። እዚያ ግብጽ አገር ጀሁቲሆቴፕ በሚባል ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ነበር። ከተሣለ ከ3,800 ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙ ሰዎች ትልቅ ሐውልት በእንጨት ተንሸራታች ላይ ጭነው ይጎትታሉ። አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ፈሳሽ ያፈሳል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን በአሸዋ ሞከሩት። አሸዋው በልኩ ሲረጥብ መጎተቻው ጉልበት በግማሽ ያህል ቀነሰ። ውሃው ሲበዛ ግን አልጠቀመም።

ግራሶም ልክ አለው። የጋሪውን ኩሽኔታ ፍቱና የድሮውን ግራሶ በላምባ እጠቡት። በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ከዚያ አዲሱን ግራሶ በጣት እየጫናችሁ በኳሶቹ መካከል አስገቡ። በውስጡ ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ አትሙሉት፤ ከሲሶው እስከ ግማሹ ይበቃል። ሲበዛ ራሱ ግራሶው እየታሸ ይሞቃል። ክዳኑንና አቧራ የሚከለክለውን ጎማ አትርሱ። አሮጌውን ሳያጥቡ በላዩ ላይ አዲስ የሚለቀልቁ አሉ። ይሄ አሸዋውን አቡክቶ መልሶ ማስገባት ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በወጣትነቴ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሞተር አስነሺ ነበርኩ። ዘይት መለወጫው ቀን ደረሰ። አዲሱ ዘይት ተወደደብኝና ከጭነት መኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት በርካሽ አምጥቼ ጨመርኩ። «ዘይት ዘይት ነው» አልኩ። እንዴት ያለ ሞኝነት! የተቃጠለ ዘይት ጥቀርሻና የብረት ብናኝ ያለበት ነው። ሞተሩ ጥቂት ቀን ሠራ፤ ከዚያ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ተጣብቆ ቆመ። ፒስተኑና ፋሻው ተበልቷል። መለዋወጫ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ሳምንታት የሰፈሩ ሴቶች ሌሊት ተነሥተው በእጅ ወፍጮ ፈጩ። እናቴም አንዷ ነበረች። አልተቆጣችኝም፤ እጇን ብቻ አሳየችኝ።

ስለዚህ ወፍጮ ወይም የመስኖ ፓምፕ ያላችሁ ሁሉ፣ ሞተሩ ሳይነሣ በፊት፣ ደልዳላ ቦታ ላይ እንዳለ፣ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ እዩ። ከታችኛው ምልክት ወርዶ ከሆነ ጨምሩ። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከሆነ ውሃ ገብቶበታልና አታስነሡ። ማንበብ የቻላችሁ ደግሞ ከእኔ የተሻለ ዕድል አላችሁ። በዘይቱ ቆርቆሮ ላይ ቁጥር አለ፤ 30 ወይም 40 ይላል። ቁጥሩ ሲበልጥ ዘይቱ ይወፍራል። ሞተሩ የሚፈልገውን ቁጥር ከመመሪያው ወይም ከመካኒክ ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉት። ዘይት የተለወጠበትን ቀንና ሞተሩ የሠራበትን ሰዓትም ጻፉ። እኔ ያን ጊዜ ደብተር አልነበረኝም፤ በግምት ነበር የምሄደው።

የወጣውን ዘይት ወንዝ ውስጥ አትድፉ። ለከብት እከክም አትቀቡት። ከነካችሁም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ቆዳን ይጎዳል።

«የኑግ ዘይትስ አይሆንም ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ለወጥ ይሁን እንጂ ለኩሽኔታ አይሆንም፤ አየር ሲነካው እየዋለ እያደረ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የጉሎ ዘይት ይሻላል፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንዳንድ የአውሮፕላን ሞተሮች በእሱ ይሠሩ ነበር። ዛሬ ግን ግራሶ በገበያ ስላለ እሱኑ ግዙ።

ማረሻስ? ማረሻ ላይ ግራሶ ብትቀቡ አፈሩ ወዲያው ይጠርገዋል። በአፈር ውስጥ ያለው አሸዋ ከተራ ብረት ይጠነክራል፤ ስለዚህ ማረሻን የሚያድነው የራሱ ጥንካሬ ነው። ይህን አንጥረኞቻችን ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። የመኪና ባሌስትራ ሲቀጠቀጥ፣ ቀይ እስኪሆን ሲግልና ውሃ ሲነከር ይጠነክራል። ተራ የቤት መሥሪያ ፌሮ ግን ቢነከርም እምብዛም አይጠነክርም። ታዲያ ከነከሩት በኋላ መልሶ ትንሽ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ እንደ ሸክላ ድንጋይ ሲነካው ይሰበራል። ማረሻ ስትገዙ ጫፉን በሞረድ ሞክሩት። ሞረዱ በቀላሉ ከፋቀው ለስላሳ ነው፤ ካንሸራተተ ጠንካራ ነው። ያገር ማረሻ ዋጋው ከሙያው ያንሳል ብዬ አምናለሁ።

በሥራው ላይ ሰበቃ የሚፈለግበትም ቦታ አለ። የወፍጮው ድንጋይ የሚወቀረው እህሉን እንዲይዝ ነው፤ እዚያ ዘይት ቢደርስ ዱቄቱ ይበላሻል። የባጃጅ ፍሬን ላይም ዘይት ከነካ ባጃጁ አይቆምም።

ያ ባለጋሪ ዛሬ እዚህ መጥቷል። ጋሪው ውጭ ቆሟል፣ ፈረሱም ተፈትቷል። ላምባና ጨርቅ ይዣለሁ። ሁለት ሰው ጎማውን ያንሣልኝ፤ ሌሎቻችሁ ቀርባችሁ እዩ።