የፍየልና የእህል ዋጋ ንጽጽር ለድርቅ ማስጠንቀቂያ
(በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ለሚሠሩ የእርዳታና የመረጃ ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር)



በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኀብ አያሌ ሕይወት ካጠፋ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን መቋቋሙ ይታወቃል። ከዚያ ዘመን ከተገኙት ትምህርቶች አንዱ የአኀዝ አነባበብን ይመለከታል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ረኀቡ በበረታበት ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም። ገበሬው አዝመራውም ከብቱም ስለ ጠፋበት የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ገዢ ያጣ ገበያ ደግሞ ዋጋ አይጨምርም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የተጫነ እህል ነበር። ስለዚህ የእህል ዋጋን ብቻ የሚከታተል መዝገብ ረኀቡን ሊስተው ይችላል።

በመሆኑም የሁለት ዋጋዎች ንጽጽር መመዝገብ አለበት፤ ይኸውም አንድ ፍየል ተሸጦ ስንት ኪሎ እህል ይገዛል የሚለው ነው።

ለልምምድ ብቻ የሚሆን ምሳሌ ይወሰድ። በአምስት ተከታታይ ሳምንታት የአንድ ፍየል ዋጋ 60፣ 55፣ 48፣ 44 እና 33 ኪሎ ማሽላ ገዛ ይባል። ሳምንቱ በአግድም፣ ኪሎው በቋሚ መስመር ላይ ተደርጎ በግራፍ ይነደፋል። የሳምንታቱ አማካይ 3፣ የኪሎው አማካይ 48 ነው። እያንዳንዱ አኀዝ ከየአማካዩ ያለው ልዩነት ይወሰዳል። የሳምንቱና የኪሎው ልዩነቶች እየተባዙ ሲደመሩ ከዜሮ በታች 65፣ የሳምንቱ ልዩነት በራሱ እየተባዛ ሲደመር 10 ይሆናል። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል፣ የፍየሉ የመግዛት ኃይል በየሳምንቱ 6.5 ኪሎ ያህል እንደሚቀንስ ይታያል። ይህ የሪግሬሽን መስመር እስከ 6ኛው ሳምንት ቢዘረጋ 28.5 ኪሎ ላይ ያርፋል።

ይሁን እንጂ መስመሩ የመውረዱን ፍጥነት እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ከፋሲካና ከአረፋ በፊት የፍየል ዋጋ ከፍ ይላል፤ አዝመራ ሲሰበሰብ የእህል ዋጋ ዝቅ ይላል። በበልግ በሚያመርተው ደጋና በክረምት ዝናብ በሚያመርተው አካባቢም የችግሩ ወራት አንድ አይደሉም። ስለሆነም የሐይቅ ገበያ አኀዝ ከውጫሌና ከደሴ ገበያዎች፣ እንዲሁም ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ወር ጋር ይነጻጸር። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚቀድም፣ የበዓል ሳምንት በመዝገቡ ላይ ለብቻው ምልክት ይደረግበት። አምስት ነጥብ ለልምምድ እንጂ ለውሳኔ አይበቃም።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች፣ ከፊሉ በፈቃዱ ከፊሉም ያለ ፈቃዱ፣ በሰፈራ ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር ተወስደዋል። በሬውን ሸጦ የጨረሰ ገበሬ ዝናብ ቢመለስለት እንኳ የሚያርስበት የለውም። የመዝገቡ፣ የግራፉና የስሌቱ ዓላማም አንድ ነው፦ እርዳታ በሬው ለገበያ ከመውጣቱ በፊት እንዲደርስ።